የያናሴ ተራ

«ተራዋን ጠብቃ ብታረግዝ ኖሮ፣ ዛሬ ጋኔን የሚሆን ሰው ባልቸገረን ነበር።»

ካናኤ ይህን የሰማችው ጠዋት ጫማ መቀየሪያው ላይ ቁጭ ብላ፣ ከሆዷ ማዶ የማይታያትን እግሯን ከቤት ውስጥ ጫማው ጋር ለማገናኘት ስትታገል ነው። ተናጋሪዋ የሕፃናት ማቆያው ዳይሬክተር ወይዘሮ ኩዋባራ ናቸው። ድምፃቸው ከልብስ ሣጥኖቹ ወዲያ ማዶ ነው የመጣው፤ ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም ሳቅ ሳቅ ይላል። የሚያናግሩት መምህር ያናሴን ነው።  ከዚያ በኋላ የተሰማው የፕላስቲክ ከረጢት ኮሽታ ብቻ ነበር፤ ካናኤ ግን ከረጢቱን በድምፁ ታውቀዋለች። ውስጡ የጋኔኑ ልብስ አለ፦ የነብር ቆዳ የመሰለ ቁምጣ፣ ከጥቁር ክር የተሠራ ፀጉር፣ ሁለት ቀንድ ያለው ቀይ ጭምብል። የብርዱ ወራት በሚሰናበትበት በዚህ ቀን ሕፃናቱ ጋኔን ያባርራሉ፤ ለመባረር ደግሞ የሚባረር ያስፈልጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ የተባረረችው ካናኤ ነበረች፤ ቁመቷ ዘለግ፣ ድምጿም ጎርነን ስለሚል እንደ እሷ የሚያስለቅስ አልተገኘም። ዘንድሮ ቁምጣው አይገባትም።

በዚህ ማቆያ እርግዝና በወረፋ ነው። የትም አልተጻፈም፣ ለአዲስ ተቀጣሪም የሚነግራት የለም፤ ግን ያገባች መምህር ሁሉ ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ከማን በኋላ እንደሆነች ታውቃለች። ወይዘሮ ኩዋባራ ወረፋውን ከመሬት ተነስተው አላመጡትም። ከዓመታት በፊት ሦስት መምህራን ባንድ ጊዜ አርግዘው፣ የቀሩት በድካም ሲንገላቱ አንድ ሕፃን ከመጫወቻ መሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። የልጁ እናት ደጃፍ ላይ ተንበርክከው ይቅርታ የጠየቁት ኩዋባራ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ሰው ብቻ ሆነ። ባልደረባን ከማስቸገር ወረፋ መጠበቅ ይሻላል ብለው ሁሉም ተስማሙ፤ ማለትም ማንም አልተቃወመም።

ያናሴ ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ስታገባ ከፊቷ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ቶሎ ወለደች፤ ሁለተኛዋ ስታስጠብቅ ስታስጠብቅ ቆይታ ወለደች። ተራው ያናሴ ጋ ሲደርስ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቷት ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንዳንድ ቀን ማለዳ፣ ከሥራ በፊት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለ ክሊኒክ ትገባለች። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። ወረፋው እሷ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላዋ ቆማ የነበረችው ደግሞ ካናኤ ናት።

ካናኤ አስባ አልነበረም ያረገዘችው። ባለፈው መስከረም እርግጡ ሲታወቅ ባሏ ኮሄይ ከደስታው ብዛት ሊዘል ብድግ አለና የሚስቱን ፊት አይቶ መልሶ ቁጭ አለ። በሳምንቱ ባልና ሚስት ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ የጣፋጭ ሣጥን ይዘው ወይዘሮ ኩዋባራ ቤት ሄዱ። ወለሉ ላይ አጎንብሰው፣ ልጅ ሊወልዱ በመሆናቸው ይቅርታ ጠየቁ። ኮሄይ የመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ለተበላሸ ዕቃ ይቅርታ መጠየቅ ያውቃል፣ ለዚህኛው ግን ምን እንደሚባል ጠፍቶት ሚስቱ ያለችውን እየተከተለ ደገመ። ያናሴን ካናኤ ብቻዋን ዕቃ ቤት ውስጥ አገኘቻት። «ተራዎን ስለነጠቅሁብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻት፣ ግንባሯ ጉልበቷን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ጎንበስ ብላ። ያናሴ ፎጣ እያጠፈች ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ» አለችና ማጠፏን ቀጠለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል የሚነገረው የትኛው ሕፃን እንዳተኮሰው፣ የማን ሽንት ጨርቅ እንዳለቀ፣ ይኸው ብቻ ሆነ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ የአንድ ዓመት ልጆች በሆኑ ሕፃናት መሃል፣ አብረው ይውላሉ፤ ያናሴ የካናኤን ሆድ አንድ ቀን አይታው አታውቅም፤ ወይም ስታየው ካናኤ ይዛት አታውቅም።

ትናንት ካናኤ ለእርግዝና ክትትል ሄዳ ነበር። ሐኪሟ ሳቂታ ሴት ናት፤ የአልትራሳውንዱን መስኮት ወደ እሷ አዙራ፣ ደህናዎቹ ወራት አብቅተዋል፣ እንግዲህ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ገብተሻል አለቻት። ማስመለሱ ቀርቶ ሆዱ ገና ሳይከብድ የነበረው ጊዜ አለፈ። ካሁን ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ ይገናኛሉ። ቃር ይመጣል፤ ጥቂት ጥቂት እየቆረሰች ትብላ። ሌሊት እግሯን ቁርጠት ይይዛታል፣ ለሽንት ትነሳለች፣ በጀርባዋ መተኛት ይቀራል፤ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ታድርግ። ደሟ ስለቀነሰ ብረት ያለበት ክኒን ትጀምር፤ ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ። ሕፃኑ ለጊዜው ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ለመገልበጥ ገና ጊዜ አለው። ይህን ሁሉ ስትናገር ፈገግታዋ አልጠፋም ነበር። ከዚያ ሆዷ ማምሻውን እንደሚጠነክር ስትሰማ፣ ሲጠነክር ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቀቻት። ሕፃን እያነሳሁ፣ አለች ካናኤ። ሐኪሟ በድጋሚ መረመረቻትና ፈገግታዋን ሰበሰበችው። የማህፀኑ በር ትንሽ አጥሯል፤ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ግን ካሁን በኋላ ከባድ ማንሳት፣ ረጅም መቆም አይፈቀድም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የሚሠራ ሥራ ይሰጧት። አለዚያ አልጋ ይዛ ሆስፒታል ትተኛለች፣ ወይም ሕፃኑ ሳይደርስ ይመጣል። «ለአሠሪዎችሽ ልጻፍልሽ፤ ሐኪም ከጻፈው እምቢ ማለት አይችሉም» አለቻት።

ካናኤ ግን አይ፣ አመሰግናለሁ፣ በቃሌ ብነግራቸው ይሻላል አለች። ወረቀት ይዞ መሄድ ፖሊስ ይዞ እንደመሄድ መስሎ ታያት። ወረፋ ነጥቃ ስታበቃ አሁን ደግሞ በሕግ ወንበር ልትጠይቅ! ሐኪሟ እስክሪብቶዋን በእጇ እንደያዘች ለአፍታ አየቻትና መልሳ አስቀመጠችው። ማታ ኮሄይ ይህን ሲሰማ ሩዙን ከፊቱ ገፋ አደረገ፤ ከዚያ መልሶ ሳበው። ጠዋት በር ላይ ብቻ «ዛሬ ትነግሪያቸዋለሽ አይደል?» አላት። እነግራቸዋለሁ አለች።

ነገረቻቸውም። ወላጆች ልጆቻቸውን አስረክበው ከሄዱ በኋላ፣ ሕፃናቱ ጋዜጣ እየጨመደዱ ኳስ ሲሠሩ፣ የቢሮውን በር አንኳኳች። በወጉ ጋኔን ላይ የሚወረወረው የአኩሪ አተር ቆሎ ነው፤ ቆሎው ለትንንሾች ጉሮሮ ስለሚያሰጋ ግን እዚህ ጋኔኑ የሚደበደበው በጋዜጣ ኳስ ነው። ወይዘሮ ኩዋባራ ገና እንዳዩዋት ተነስተው ወንበር ሳቡላት፣ የተቆላ ገብስ ሻይ በእጃቸው ቀዱላት። የሐኪሟን ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ሰውነት ይቀድማል፣ እኔም ሁለት ወልጃለሁ አሉ። የጠዋቱን መቀበልና የማንሳቱን ሥራ ያናሴ ትይዘዋለች፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ የወላጆቹን ደብተር ትጽፊያለሽ፣ ልብስ ትጠግኛለሽ አሉ። ካናኤ እንባዋ መጣ። ጠዋት የሰማችውን ረሳችላቸው፤ እኚህን ደግ ሴት ስትፈራ መክረሟ አሳፈራት። ኩዋባራ ሻይዋን ሞሉላትና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«አንድ ነገር ብቻ አለ» አሉ። «ሂናኖ በኅዳር አገባች አይደል? ሰሞኑን መጥታ ቶሎ መውለድ ነው የምንፈልገው አለችኝ። ልጅ ናት፣ እዚህ ያለውን ነገር አታውቅም። ከኔ አፍ ከሰማችው ትእዛዝ ይመስላታል። ካንቺ ከሰማችው ግን የእህት ምክር ነው። ተራሽን ዘለሽ ስንቱ ሰው እንደተቸገረ፣ አንቺም እንዴት እንደተሳቀቅሽ ንገሪያት። ማታ የበዓሉን የሩዝ ጥቅል ስንበላ ጥሩ ጊዜ ነው። ያን ከጨረስን በኋላ የወንበሩን ነገር ከነገ እናስጀምረዋለን።»

ካናኤ «እሺ» አለች። ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው፤ ለዳይሬክተር የሚመለስ ሌላ ቃል አፏ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ነው ምን እንደተቀበለች የገባት። ሂናኖ የክፍላቸው ሦስተኛ መምህር ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ስትስቅ ድዷ ይታያል፣ ሕፃናቱ ላይ ከሕፃናቱ እኩል ትንከባለላለች። እሷን በያናሴ ጀርባ ልታሰልፍ ነው። ያናሴ ደግሞ እዚያው ቆማለች፤ ወረፋው እንደሆነ ከእሷ ወዲያ አይንቀሳቀስም። የምትከፍለው የሌላ ሰው ዓመታት ነው፤ የምታገኘው ወንበር ነው። ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። ውስጡ ያለው አንድ ጊዜ ተገላበጠና ክርኑ ይሁን ተረከዙ የጎድን አጥንቷ ሥር ሄዶ ተቀረቀረ። ለዚህ ስል ማንኛውንም ነገር እላለሁ፣ አለች በልቧ፤ ስትለው ግን ደስ አላላትም።

ጋኔኑ የመጣው ከቁርስ በኋላ ነው። በሩ ተበርግዶ ተከፈተና ያናሴ ገባች፤ አጭርና ቀጭን ስለሆነች ቁምጣው ጉልበቷ ላይ ተንዘርፍፏል፣ ጭምብሉ ደግሞ አገጯን አልፎ ደረቷ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ግርማ ሞገስ አልነበራትም። ቢሆንም ለአንድ ዓመት ሕፃን ቀይ ፊትና ቀንድ ይበቃል፤ ክፍሉ ባንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ። ሂናኖ «ጋኔን ውጣ! በረከት ግባ!» እያለች ኳስ ታቀብላለች፤ ኳሱ ከሁለት ሕፃን በቀር ከማንም እጅ አልወጣም። ሪኩ የሚባለው፣ ከሁሉ የሚከብደው ልጅ፣ እየጮኸ መጥቶ የካናኤን ሱሪ በሁለት እጁ ጨመደደ። «ቲቸር! ቲቸር!» ይላል፤ ሌላ ቃል ገና አይችልም። የሐኪሟ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ እጇ ግን ለዓመታት የለመደውን ነው የሚያውቀው። አነሳችው። ወዲያው ሆዷ ከእምብርቷ እስከ ታች ጨመደዳትና እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ እስትንፋሷ ቁርጥ አለ።

ጋኔኑ ገና ክፍሉን መዞር፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ማጓራት፣ አሻንጉሊት መስረቅ ነበረበት፤ በየዓመቱ እንደዚያ ነው። ግን ባለበት ቆመ። ቀንዱ ወደ ካናኤ ዞሮ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ አለ። ከዚያ አንድም ኳስ ሳያገኘው ደረቱን ይዞ «ወይኔ ሞትኩ!» አለና ወለሉ ላይ ተዘረረ፤ እየተሳበም በበሩ ወጣ። ልቅሶው ቀስ በቀስ በረደ፤ ሪኩም ጠላቱ እንደወደቀ ባየ ጊዜ ከካናኤ ክንድ ወርዶ ሊያሳድደው ሮጠ። ወይዘሮ ኩዋባራ በር ላይ ፎቶ ያነሱ ነበር፤ ምነው ገና ሳይጀመር አለቀ ብለው አጉረመረሙ። ካናኤ ትንሿ የሕፃናት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ሆዷ እስኪፈታ እያሸችው፣ ያናሴ እሷን አይታ ነው የወደቀችው ወይስ ሙቀቱ በዝቶባት ነው ብላ አሰበች። ልትጠይቃት አልደፈረችም። ያናሴም ጭምብሏን አውልቃ፣ ላቧን ጠርጋ፣ ሪኩን አንስታ ሽንት ጨርቁን ልትቀይር ይዛው ሄደች።

ምሳ ላይ ወጥ ቤቷ ሩዙን የጋኔን ፊት አስመስላ፣ ቀንዱን ከካሮት ሠርታ አቀረበች፤ ሕፃናቱም ፈርተውት የነበረውን ሲበሉ ደስ አላቸው። ከምሳ በኋላ መጋረጃው ወርዶ ትንንሾቹ ፍራሾች ተደረደሩ። ሁሉም ሲያንቀላፉ ካናኤና ሂናኖ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሕፃናቱን ትንፋሽ ይጠብቁ ጀመር፤ በየጥቂት ደቂቃው ደረታቸው ላይ እጅ ጣል ማድረግ ደንብ ነው። ያናሴ ምሳዋን ልትበላ ወጥታለች። ካናኤ አሁን ብነግራት ይሻላል፣ ማታ ሰው ፊት ከምል ብላ አፏን ከፈተች፤ ሂናኖ ቀደመቻት።

«ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች በሹክሹክታ። «ሲንቀሳቀስ ምን ይመስላል?»

ካናኤ አሰበች። መጀመሪያ የዓሣ ጭራ ነካ አድርጎኝ ያለፈ መሰለኝ፣ ሆዴ የነፋኝ ነበር የመሰለኝ አለች። አሁን ግን ይራገጣል፣ ሌሊት ልተኛ ስል ነው የሚነቃው፤ አንዳንዴ ደግሞ ስቅታ ይይዘዋል፣ ሆዴ ለብቻው ትር ትር ይላል፣ አንዱን ፎጣ ሆዴ ላይ ሳስቀምጥ ፎጣው ይዘላል። ሂናኖ አፏን በእጇ ይዛ ሳቋን አፈነችው። እኔም በቶሎ ነው የምፈልገው፣ ባሌ ከአሁኑ ለሕፃን የሚሆን ካልሲ ገዝቶ ደብቋል፣ የደበቀው እንዳየሁበት አያውቅም አለች። ካናኤ ልትናገር ያሰበችውን ለማታ አቆየችው። ቃሩም መጣ። ተነስታ የሪኩን ደረት ነካች፤ ይተነፍሳል።

ማምሻውን የመጨረሻው ሕፃን በአያቱ እጅ ሲወጣ ውጭው ጨልሟል። አራቱ ሴቶች ቢሮ ተሰበሰቡ። ያናሴ የጋኔኑን ልብስ እስካሁን አላወለቀችም፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ስትነሳ ነው ያመሸችው። ጭምብሉን ወደ ላይ ገልብጣ ግንባሯ ላይ አኑራዋለች። ጠረጴዛው ላይ አራት ወፍራም ጥቅል ሩዝ አለ፤ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ፣ ውስጡ እንቁላልና ዱባ ያለበት። ያልተቆረጠውን ጥቅል ይዞ፣ ቆሞ፣ ፊትን ወደ ዓመቱ የዕድል አቅጣጫ አዙሮ፣ አንድ ነገር በልብ እየተመኙ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ቃል ሳይተነፍሱ መብላት ነው ደንቡ። መሃል ላይ የተናገረ የዓመቱን ዕድሉን አጣ ማለት ነው። ዘንድሮ የዕድል አቅጣጫ ላይ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቆሟል። ወይዘሮ ኩዋባራ ጥቅላቸውን ካነሱ በኋላ ፈገግ ብለው፣ ስንጨርስ ካናኤ ለሂናኖ የምትመክራት ነገር አላት፣ ስለ ወረፋችን አሉ። ሂናኖ ግራ ገብቷት አየቻቸው። ያናሴ ቀና አላለችም። ከዚያ አራቱም ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዞረው መብላት ጀመሩ።

 የሚሰማው ማኘክና የማሞቂያው ጩኸት ነበር። የያናሴን ምኞት ሁሉም ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ፍሬ ሩዝ ሳታንጠባጥብ ነው የምትበላው፤ እሷ እስክትጨርስ ሌሎቹ በአክብሮት ዝም ይላሉ። ካናኤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ሦስተኛው አልወርድ አላት። ቀኑን ሙሉ የቆመችበት እግሯ አብጦ ከጫማው ጠርዝ ላይ ተርፏል፤ ሆዷ እንደገና መጠንከር ጀመረ። ይፈታል ብላ ጠበቀች፤ አልተፈታም። ወንበሩ ከጀርባዋ ጥግ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ቆመው ሳለ እሷ መቀመጡ አሳፈራት። የምትናገረውን በልቧ ደረደረችው፦ ሂናኖ፣ እኔ ሰው አስቸግሬያለሁ፣ አንቺ እንደኔ አትሁኚ፣ መምህር ያናሴን ጠብቂያት። ልትለው ነው። ወስናለች፤ ልጇ ውስጧ ነው፣ የሂናኖ ልጅ ገና የለም። እንዲህ ብላ ማሰቧ ራሷን አስጠላት፤ ግን ወስናለች። አንድ እጇ ሳታውቀው የማሽኑን ጠርዝ ጨብጦ ነበር።

«ካናኤ፣ ቁጭ በይ።»

ድምፁ የያናሴ ነው። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ጥቅሉ ገና ግማሹ ላይ ነው። ሂናኖ በሞላ አፏ «እንዴ መምህር ያናሴ፣ ዕድልዎ!» አለችና የራሷም እንደሄደ ዘግይቶ ሲገባት ጥቅሏን ጠረጴዛው ላይ ጥላ አፏን ያዘች። ወይዘሮ ኩዋባራ ጉንጫቸው ተወጥሮ ዞር አሉ፤ እጃቸውን አነሱ፣ ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋልና መናገር አልቻሉም። ያናሴ ግማሹን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ወንበሩን ራሷ ሄዳ ስባ ከካናኤ በስተኋላ አኖረችው፣ ትከሻዋንም ተጭና አስቀመጠቻት።

«በየዓመቱ ዝም ብዬ ጨርሼ በልቻለሁ» አለች። «ምን አመጣልኝ?» ወደ ሂናኖ ዞረች፤ የጭምብሉ ቀንዶች ከራሷ በላይ ቆመዋል፤ ሂናኖ ግን አልሳቀችም። «ምክሩን እኔ ልስጥሽ። እኔ ወረፋዬን ጠብቄያለሁ፣ ማንንም አላስቸገርኩም። አራት ዓመት ሙሉ እንዳላረግዝ ክኒን ስውጥ ነበር። ተራሽ ደርሷል ስባል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ፣ ለምን ቀደም ብለሽ አልመጣሽም አለኝ። ምን ልበለው? ወረፋ ላይ ነበርኩ ይባላል?» የሂናኖን ክንድ ያዘች። «እኔን አትጠብቂ። ማንንም አትጠብቂ።»

ማሞቂያው እያጓራ ነው። ካናኤ ሆዷ በወንበሩ ላይ ቀስ እያለ ሲላላ ተሰማት። ያፈረችው ያን ጊዜ ነው፤ ስትወስን ሳይሆን ከውሳኔዋ ስትድን። ጥቅሏን ከያናሴው ግማሽ አጠገብ አስቀመጠች። «ሐኪሜ ልጻፍልሽ ብላኝ እምቢ ብያት ነበር» አለች፣ ወይዘሮ ኩዋባራን እያየች። «ነገ ጠዋት ሄጄ አስጽፌ ይዤ እመጣለሁ። ለሂናኖ የምመክራት ምክር የለኝም።»

ወይዘሮ ኩዋባራ ሦስቱን ጥቅሎች አዩ። ከዚያ ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተመልሰው ዞሩና የቀረውን እስከ መጨረሻው ፍሬ በሉት፤ ጀርባቸው ብቻ ይታይ ነበር። ምን እንደተመኙ አልተናገሩም። ሲጨርሱ አፋቸውን በወረቀት ጠረጉ፣ የባሕር ቅጠሉን ስብርባሪ ከሹራባቸው ላይ አራገፉ። «ወረቀቱን ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አድርጊው» አሉ፤ ኮታቸውን ይዘው ወጡ። በሩን ሲዘጉ አልወረወሩትም፣ በዝግታም አልዘጉትም፤ እንደ ወትሮው ነው የዘጉት።

ሂናኖ ቀድማ ጥቅሏን አነሳች። እኔ እንደሆነ ምኞቴን ለዓለም ነግሬያለሁ፣ ምን ቀረኝ ብላ ገመጠችው። ያናሴም ግማሹን አንስታ፣ ካናኤ አጠገብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በላች፤ እንደ ሰው፣ እያወራች። የነብሩ ቁምጣ ወገቧን እንዳሳከካት፣ ሪኩ ሽንት ጨርቁን ሲቀየር ቀንድ ፍለጋ ፀጉሯን ሲዳብሳት እንደነበር ተናገረች። ካናኤ ሳቀች፤ ሳቁ ከልቅሶው ጋር ተደባልቆ ወጣ። ያኔ ነው ሹራቧ ሆዷ ላይ ትር ማለት የጀመረው። ያናሴ ማኘኳን አቆመች። ዓይኗ ሆዱ ላይ ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ስታየው ካናኤ ስትይዛት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«ስቅታ ይዞት ነው።»

ያናሴ እጇን በነብሩ ቁምጣ ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገችና፣ ቀንዷ ግንባሯ ላይ እንዳለ፣ ዘረጋችው።